ኖራ

ዘጠኝ ቀን ደመና።
ሳተላይቱ ያልፋል፣ ይዞራል እንደገና፣
የሚልክልኝ ግን ያው የጥጥ ባዘቶ፣
ከባሕሩ በላይ ተነጥፎ፣ ተዘርግቶ።
ማሬት ከጎኔ ሆና ሹራቧን ትሠራለች፤
"ትሮምሶ ላይ ሐምሌ ይኸው ነው" ትላለች፣
"ሲያሻው ነው ሰማዩ ፊቱን የሚያሳይ።"
ይመሻል እንዳልል፣
በዚህ ወር እኛ ዘንድ አትጠልቅም ፀሐይ።

በዐሥረኛው ቀን ግን ደመናው ተቀደደ፤
በቀዳዳው በኩል ብርሃን ወረደ።
ስክሪኔ ላይ ባሕር፤
ሰማያዊ አልለው፣ አረንጓዴ አልለው፣
ወተት ጠብ ብሎበት ገና ያልተዋሃደው፣
ክሩ እንደ ተፈታ ጥለት የተንዘላዘለ፣
ማዕበል በጣቱ አዙሮ ያማሰለ፣
ከቫርደ ወደ ምሥራቅ አንድ አገር የሚያህል።
የማሬት መርፌ ወደቀ። አላነሣችውም።

አባቴ ጋ ደወልኩ።
ኦድቫር፣ ሰባ ስድስት ዓመቱ፣
"ቴርና" የምትባል ጀልባ ናት ሀብቱ፣
ጉልበቱ ሲከዳው ያልከዳችው ምርኩዝ።
"አባዬ፣ አየሁት ባሕርህን" አልኩት።
ሳቀብኝ።
"ከነጣ አራት ቀኑ! አንቺ ዛሬ ሰማሽ?
ስምንት መቶ ኪሎ ሜትር ሽቅብ ወጥተሽ ነው
የእኔን ደጅ ያየሽ?
በጠርሙስ ቀድቼ መስኮት ላይ አኖርኩት፤
ጥርት ያለ ውሃ፣ ምንም አላየሁበት።
ባሕር ላይ ወተት ነው፣ ቤት ሲገባ ውሃ፤
እንዲህ ያለ ቀጣፊ አይቼም አላውቅ።"

ነገርኩት።
ፕላንክተን ናት አልኩት፣ ከአቧራ የምታንስ፣
መቶ ብትሆን የመርፌ ጫፍ የማታለብስ፣
ብርሃን በልታ አዳሪ፣ ጥቃቅን ጋሻ ሠሪ፤
ጋሻዋም ከኖራ ነው፣ ክብ ክብ፣ እንደ አዝራር።
ሳምንት ኖራ፣ ኖራ ትታ ትሄዳለች፤
ልብሷ ውሃው ላይ ይቀራል፣ እሷ የለች።
ይህ ነው የሚያበራው፤ የወለቀ ልብስ፣
ፀሐይ እየመታው እስከ ሰማይ የሚደርስ።
ቀስ እያለ ሲሰጥም፣ ዘመን ሲጫነው፣
ጠመኔ ይሆናል። ጠመኔ እሱ ነው።

ስልኩ ዝም አለ።
ቃሏ ላይ እንደቆመ ገባኝ፤ አልገፋሁትም።

እናቴ ቦርግሂልድ፣ ሠላሳ አራት ዓመት፣
ክፍልፋይ አስተምራ ቫርደ ትምህርት ቤት፣
ማታ ስትመለስ
እጅጌዋ ነጭ፣ ቅንድቧ ነጭ፣ ሳቋም አቧራ፤
እሱ ቅርፊት ለብሶ፣ እሷ ለብሳ ኖራ፣
በር ላይ ይራገፋሉ፣ አንዱ የአንዱን ትከሻ።
የዓሣውን ሒሳብ እሷ ናት የምትደምርለት፣
በኪሷ ጠመኔ፣ በቴርና ጎን ላይ፤
በማግስቱ ጀልባዋ ስትወጣ
ድምሩን ባሕር ይወስደዋል።
ዛሬም ከበሩ ኋላ ጥቁር ካፖርቷ ተሰቅሏል።
አራት ክረምት አለፈ።
አቧራውን አላራገፈም፣ እኔም እንዳራግፍ አልፈቀደ።

"እና" አለኝ ኋላ፣ "ንጣቱ ከሩቅ ነው የሚታይ?"
"ከሩቅ ነው አባዬ፤ ቢበዛም ከቅርብ አይታይ።"
"ውሸትሽን ነው" አለ። "እኔ ቤት ይታያል።"
ጉሮሮውን ጠረገ።
"ነገስ በስንት ሰዓት በእኛ ላይ ያልፋል?"
"ረፋድ፣ አምስት ተኩል።"
"እንግዲያው ባርኔጣዬን አውለበልባለሁ።"
የካሜራው አንዲት ነጥብ
መቶ ቴርናን እንደምትውጥ አልነገርኩትም።

በማግስቱ ረፋድ፣ አምስት ተኩል ላይ፣
ባዘቶ ብቻ ነው ከዳር ዳር የሚታይ።
መዘገብኩ፤ ቀን፣ ሰዓት፣ "ምንም አልታየም"።
ወዲያው ስልኬ ጮኸ፤ መልእክት ነው፦
"አውለበለብኩልሽ። ክንዴ ዛለ።
ጠርሙሱ ግርጌ ደግሞ ነጭ ነገር አርፏል፣
ትንሽ፣ ጥፍር የማይሞላ።
አልነካሁትም።"